የሚስማር ቀዳዳ ኢኮኖሚክስ

ባለፈው ክረምት እናቴን ኩሽና ውስጥ አንሸራቷት ወደቀች። ድምፁን ሰምቼ ስገባ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ደግፋ ይዛለች። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አልኳት። መልሷ ስለ እጇ አልነበረም። «ጀሪካኑን አንሳው እንጂ፣ ዘይቱ አለቀ!» ነው ያለችኝ። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን በጎኑ ተጋድሟል፤ ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ በሩ እየሄደ ነው። እኔም ሞኙ መጀመሪያ ያነሳሁት ጀሪካኑን ነው። እሷን ያነሳኋት ከዚያ በኋላ ነው።

እጇ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ከረመ። የታክሲው፣ የራጁ፣ የመድኃኒቱ፣ እህቴ ከሥራ የቀረችባቸው ቀናት ሲደመሩ ወጪው ከዚያ ጀሪካን ዘይት ዋጋ በብዙ እጥፍ በለጠ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ሥራ ስፈልግ የከረምኩ ሰው ስለሆንኩ ደረሰኝ መደመር ይቀናኛል። ግን ከሒሳቡ በላይ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። እናቴን የጣላት የዚያን ቀን የፈሰሰው ዘይት አይደለም። ጀሪካኑ የወደቀው እኮ እሷ ከወደቀች በኋላ ነው! የጣላት ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት፣ ወጥ በተሠራ ቁጥር፣ ከጀሪካኑ አፍ በጎኑ እየወረደ ሊሾው ላይ የተለጠፈው ስስ ዘይት ነው። ማንም አይቶት «ዘይት ፈሰሰ» ብሎ ያልጮኸበት ዘይት።

ስለ ዘይት ዋጋ ብዙ ተጽፏል፣ ገናም ይጻፋል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ክዳኑ ነው። «አሁን ይሄ ርዕስ ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሱኝ።

የአብዛኞቻችን ቤት ጀሪካን አከፋፈት ይህን ይመስላል። ክዳኑ ይፈታል። ከሥሩ በቀለበት ተስቦ የሚነሳ የፕላስቲክ ሽፋን አለ። ቀለበቱ ይሳባል፤ ቀለበቱ ተበጥሶ እጅ ላይ ይቀራል፤ ሽፋኑ ግን እዚያው ነው። ከዚያ ቢላዋ ይመጣል። በቢላዋ ሁለት ጊዜ ይወጋና አፉ የተንጋደደ ቀዳዳ ይከፈታል። ጀሪካኑ ዘንበል ሲደረግ ዘይቱ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ቀጥሎ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ድስቱን አልፎ ምድጃው ላይ ያርፋል። በሦስተኛው ቀን የቤቱ ብልህ ሰው መላ ያመጣል፦ የሃይላንድ ክዳን በጋለ ሚስማር ይበሳል፣ ዘይቱ በኢምቡቶ ወደ ሃይላንዱ ይገለበጣል፣ ከዚያ እየተጨመቀ ወጥ ላይ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ይህን አድርጎ የማያውቅ ቤት ካለ እጁን ያውጣ።

ይቺን የተበሳች ክዳን አልንቃትም። እንዲያውም በአገራችን በስፋት ሥራ ላይ ከዋሉ የፈጠራ ውጤቶች አንዷ ነች ባይ ነኝ። ማንም አላስተማረንም፣ ማንም አልሸጠልንም፣ ግን ከቤት ወደ ቤት ተዛምታለች። የምትነግረን ነገርም አለ፦ ሕዝቡ ዘይት ቆጥቦ መቅዳት ይፈልጋል፤ የተሸጠለት ዕቃ ግን ይህን አያደርግለትም። ገበያ ውስጥ ፍላጎት አለ፣ አቅርቦት የለም። ክፍተቱን የሞላው ሚስማር ነው።

ታዲያ ሚስማሩ ከሠራ ምን ጎደለ? ብዙ ነገር ጎድሏል። አንደኛ፣ ቀዳዳዋ ሁልጊዜ ክፍት ናት፤ አቧራም ዝንብም አየርም እንደልቡ ይገባል። አየርና ብርሃን ደግሞ የዘይት ጠላቶች ናቸው። በተለይ የኛው የኑግ ዘይት በተፈጥሮው ከአየር ጋር ቶሎ የሚዋሃድ የቅባት ዓይነት የበዛበት ስለሆነ ተከፍቶ ሲቆይ ሽታውም ጣዕሙም ይለወጣል። ዘይት ውስጥ እንዲጨመር የሚደረገው ቫይታሚን ኤ እንኳ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ሃይላንዱ የተሠራው ለአንድ ጊዜ ውኃ ነው፤ ውስጡን በደንብ ማጠብ ስለማይቻል በአሮጌው ዘይት ላይ አዲሱ ይጨመርበታል። ሦስተኛ፣ ከጀሪካኑ ወደ ሃይላንዱ ሲገለበጥ ያው መፍሰሱ አይቀርም። ችግሩን ቦታ ቀየርንለት እንጂ አልፈታነውም።

እስቲ ሒሳቧን እንሥራ። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አንድ ቤት በቀን የሻይ ማንኪያ ግማሽ ብቻ በጀሪካኑ ጎን፣ በጨርቁና በምድጃው ላይ ያጣል እንበል። በዓመት ከ900 ሚሊ ሊትር በላይ ይሆናል፤ አንድ ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ሙሉ የሻይ ማንኪያ ከሆነ ደግሞ ወደ 1.8 ሊትር፣ ማለትም ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ከሦስተኛው እጁ በላይ። ይህ ጥናት አይደለም፣ ማባዛት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ቤት ጨርቅ አይቶ ቁጥሩን ማስተካከል ይችላል። ግን ዘይት ሲወደድ ሰልፍ የምንሰለፈው፣ በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይላክ ከሦስት ሳምንት በላይ ስትከለክል የተጨነቅነው ለዚሁ ለአንድና ለሁለት ሊትር ነበር።

አሁን ወደ ትምህርቴ ልመለስ። ጥያቄው «ለምን ጥሩ ማፍሰሻ ያለው ክዳን አልተሠራም?» ነው። ቴክኖሎጂው ከባድ ስለሆነ አይደለም። ዘይቱ ቡልቅ የሚለው አየር መግቢያ ስላጣ ነው፤ በአንድ ቀዳዳ ዘይት ሊወጣ ሲል አየር ሊገባ ይታገለዋል። ጎኗ ላይ ማፍሰሻ ያላት ጀበና ይህን ከፈታችው ቆይታለች፤ ቡናው በጎን ሲወርድ አየሩ በአንገቷ ይገባል፣ ሲኒ ላይም ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። ጠብታ በጎን የሚወርደውም ከንፈሩ ድቡልቡል ስለሆነ ነው፤ ፈሳሹ ተጣብቆ ዞሮ ወደ ታች ይሄዳል። ከንፈሩ ስል ከሆነ ይቆረጣል። ዙሪያውን ትንሽ ቦይ ቢኖረው ደግሞ የቀረችው ጠብታ ተመልሳ ወደ ውስጥ ትገባለች። ሁለት መንገድ፣ አንድ ስል ከንፈር፣ አንድ ቦይ፣ ጠቅ ብሎ የሚዘጋ ክዳን። በቃ፣ ይኸው ነው።

ያልተሠራው የሚከፍለው ሰውና የሚወስነው ሰው ስለሚለያዩ ነው። ስለ ጀሪካኑ አፍ የሚወስነው ፋብሪካው ወይም አስመጪው ነው። የፈሰሰውን የሚከፍለው ግን ገዢው ነው። እንዲያውም በክፉ ዓይን ካየነው፣ የፈሰሰ ዘይት ለሻጭ እንደ ተሸጠ ዘይት ነው። በውድድር የሚሸጥ ዕቃ ቢሆን ኖሮ አንዱ አምራች «የኔ አይፈስም» ብሎ ገበያውን ይወስድ ነበር። ነገር ግን ዘይት በሚጠፋበት ገበያ ማን ክዳን መርጦ ይገዛል? «ዘይት አለ?» ብለን ነው የምንጠይቀው፤ «ክዳኑ እንዴት ነው?» ብለን አይደለም። እጥረት ባለበት ቦታ ጥራት የመጨረሻው ሰልፈኛ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ጀሪካን የማይገዛው ሰው ጉዳይ ነው። የሰፈራችን ሱቅ ደጃፍ ላይ አንድ ጠዋት ቁሙ። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ጥግ ላይ ተቀምጧል። በዘይት ብቻ ወደ 18 ኪሎ ይመዝናል። የቀን ሥራ ውላ የምትገባ እናት ባዶ ሃይላንዷን ይዛ «የሃምሳ ብር ስጠኝ» ትላለች። ባለሱቁ ልጅ ያን ጀሪካን አቅፎ ዘንበል ያደርገዋል፤ ቡልቅ ሲል ከመለኪያው ያልፋል፣ ግማሹ ኢምቡቶው ላይ፣ ግማሹ እጁ ላይ ይቀራል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የፈሰሰበትን ከየት ያመጣዋል? ከሚቀጥለው መለኪያ ላይ ነዋ! አለዚያም ለአንድ ሊትር ሲሰላ ከጀሪካኑ ዋጋ ከፍ አድርጎ ይሸጣል። ስለዚህ በችርቻሮ የምትገዛው እናት ለዘይቱም ለፈሰሰውም ትከፍላለች። ድሃ ሰው ያንኑ ዕቃ በትንሽ በትንሹ ስለሚገዛ በውድ እንደሚገዛ መጻሕፍቱ ይነግሩናል፤ እኔ ያየሁት ግን ሱቁ ደጃፍ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እምነት። እሷ የምትገዛው ዘይት ከተከፈተ ጀሪካን ነው። መቼ እንደተከፈተ፣ ምን እንደተጨመረበት አታውቅም። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ ያስተማረን ይህንኑ ነው፦ ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም አንድ ዋጋ ይሰጣል፣ ጥሩውን የሚሸጠውም ቀስ በቀስ ከገበያ ይወጣል። የኛ የዘይት ገበያ ላይ «ከምን ጋር ቀላቅለውት ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ ሲወራ ስሰማ የማስበው ይህን ነው። ንጹሕ ኑግ የሚጨምቀውም ሰው አብሮ ይጠረጠራል።

ይህ ጥርጣሬ የኛ ብቻ አይደለም። ስፔን ከ2014 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ምግብ ቤቶች ለእንግዳ የሚያቀርቡት የወይራ ዘይት መልሶ በማይሞላ ማፍሰሻ በታሸገ ጠርሙስ እንዲሆን በሕግ ደንግጋለች። የአውሮፓ ኮሚሽን ግን ያንኑ ለሁሉም አገር ሊያደርገው በ2013 ሞክሮ፣ ትችቱ ሲበረታበት በቀናት ውስጥ ተወው። ሁለቱም ትምህርት ይሰጡናል፦ ክዳን የመንግሥት አጀንዳ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሰውን ካላሳመነ አይሄድም።

አሁን የራሴን ውድቀት ልናገር። እናቴ እጇ እንደታሰረ አንድ ምህንድስና የተማረ ጓደኛዬን ይዤ ማፍሰሻ ለመሥራት ተነሳን። እሱ ኮምፒውተር ላይ ነደፈ፣ አንድ ቦታ ለምነን በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ አሳተምነው። እኛ ቤት ጀሪካን ላይ ልክክ አለ፤ ዘይቱ ሳይሆን ውኃ ሞልተን ስንሞክረው ቀጭን ሆኖ ወረደ። ጨፈርን። በማግስቱ ጎረቤት ጀሪካን ላይ ስንሞክረው አልገባም። የሌላ ጎረቤት ላይ ገባ፣ ግን በጥርሱ በኩል አንጠባጠበ። ምናለሽ ተራ ሄደን በየመጠኑ ተደርድረው የሚሸጡትን ባዶ ጀሪካኖች አንድ በአንድ ሞከርን። መጠናቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ፣ አንገታቸው ግን ለየቅል ነው። የአንዱ ሰፋ፣ የሌላው ጠበበ፣ የሌላው ጥርሱ ቀጥኖ ተቀራረበ። እዚያ የሚሠሩ አንድ አባት ሲስቁብን ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ ክዳን የጠፋበት ጀሪካን ግማሽ ዋጋ የሚያወጣው ለምን መሰላችሁ? ክዳን የሚያበድር ስለሌለ ነው» አሉን። ከሁለት ዓመት የማይክሮ ኢኮኖሚክስ ትምህርት የበለጠ ገባኝ።

ቀጥለን አንድ ዘይት አሻጊ ድርጅት ደጅ ጠናን። ያነጋገሩን ሰው በትሕትና ናሙናውን አገላብጠው አዩትና፣ «ሰው የሚገዛው ዘይቱን ነው እንጂ ክዳኑን አይደለም» ብለው መለሱልን። አንድ የፕላስቲክ ሠሪ ደግሞ ሻጋታው ከውጭ በዶላር እንደሚመጣ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋው እንደማይቀመስ ነግረውን፣ «አንድ ዓይነት አንገት አምጡልኝና እሠራለሁ፤ ለአሥር ዓይነት አንገት አሥር ሻጋታ አልገዛም» አሉን። የመጀመሪያው ሰው መልስ አናዶኝ ነበር። የሁለተኛው ግን መንገዱን አሳየኝ።

የፕላስቲክ ሥራ ባሕርይ እንዲህ ነው፦ ሻጋታው ውድ ነው፣ ከሻጋታው የሚወጣው እያንዳንዱ ፍሬ ርካሽ ነው። ስለዚህ አንድ ሻጋታ ብዙ ከሠራ ዋጋው ይወርዳል፤ ገበያው በአንገት ዓይነት ከተከፋፈለ ግን ለማንም አያዋጣም። ፋብሪካዎቹ ሆን ብለው አልተጣሉም። አንድ አድርጉ ያላቸው ስለሌለ ብቻ ነው።

እናም ሐሳቤ ይህ ነው። እያንዳንዱ ጀሪካን ማፍሰሻ ተገጥሞለት ይሸጥ አልልም፤ ያ የዘይቱን ዋጋ ይጨምራል፣ ጀሪካኑ ሲያልቅም ከነማፍሰሻው ለቆራሌው ይሄዳል። ይልቅ የጀሪካኑ አንገት አንድ ይሁን፤ ለባለ 3 እና ለባለ 5 ሊትር አንድ ልክ፣ ለባለ 20 ሊትር አንድ ልክ። ደረጃ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ስለ ዘይቱ ይዘት እንደሚደነግገው ሁሉ ስለ አንገቱ አንድ ገጽ ይጨምር። ያኔ ማፍሰሻው የቤቱ ዕቃ ይሆናል፤ እንደ ማንኪያ፣ እንደ ጭልፋ። አንዴ ይገዛል፣ ጀሪካኑ ሲያልቅ ይፈታል፣ በፈላ ውኃ ይታጠባል፣ አዲሱ ላይ ይገጠማል። የፋብሪካው ማሸጊያ ቀለበት ደግሞ እንዳለ ይቀጥላል፤ ያልተከፈተ መሆኑን እሱ ይመስክር፣ ለአያያዙ ማፍሰሻው ይበቃል። አውሮፓውያን ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለአዳዲስ ስልኮች አንድ ዓይነት የቻርጀር ቀዳዳ አስገድደው የለ? እኛ ለስልካቸው ስንጠቀምበት ለጀሪካናችን ምን ከለከለን?

ይህ ሐሳብ ጀሪካኑንም አይገድለውም። በብዙ ቤት ባዶ የዘይት ጀሪካን ውኃ መቅጃ ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ሀብት ነው። አፉ ላይ የተጣበቀና የማይፈታ ማፍሰሻ ቢደረግበት ከቤተሰቡ ያን ሀብት ይቀማል። የስፔኑን ዓይነት ማፍሰሻ እንዳለ ገልብጠን እናምጣ የማልለውም ለዚህ ነው። ባርሴሎና ያለ ጠርሙስ ሲያልቅ ይጣላል። ኮልፌ ያለ ጀሪካን ሲያልቅ ሁለተኛ ሥራውን ይጀምራል።

ንድፉም የኛን አየር ማወቅ አለበት። ፓልም ዘይት በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ይረጋል፤ ለውጭ ቀጭን ዘይት የታሰበ ጠባብ ማፍሰሻ እዚህ ይደፈናል። ስለዚህ ውስጡ ሰፋ ብሎ ከንፈሩ ብቻ ይጥበብ። ክዳኑ በአጭር ማሰሪያ ከአካሉ ጋር ይያያዝ፤ እኛ ቤት ክዳን የሚጠፋው ሁልጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ለባለሱቁ ጀሪካን ደግሞ ከታች በኩል የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ቧንቧ ይሻላል፤ 18 ኪሎ አቅፎ መቅዳት ለጀርባም ለመለኪያም አይሆንም።

ማን ይጀምረው? አንዱ ፋብሪካ ብቻውን አይጀምርም፤ ምክንያቱን ከላይ ብያለሁ። ብዙ ጀሪካን በአንድ ጊዜ የሚገዛ አካል ግን ማስጀመር ይችላል። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘይት በብዛት ተረክበው ለአባላት የሚያከፋፍሉ ናቸው። ውል ሲዋዋሉ «አንገቱ ይህን ልክ የሆነ» የምትል አንዲት መስመር ቢጨምሩ አሻጊው ይሰማል። ለወጣት ፈጣሪዎችም መንገድ አለ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ከትልልቅ ፈጠራዎች ጎን ለአነስተኛ ፈጠራም የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ ለ5 ዓመት፣ ሌላ 5 ዓመት ሊታደስ የሚችል። ይህን የማያውቅ ስንት ልጅ አለ? እኔም ተመርቄ ወጥቼ ነው ያወቅሁት።

የሚነሱትን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። «ዘይቱ ራሱ በጠፋበት አገር ስለ ክዳን ታወራለህ?» እሺ፤ የጠፋ ነገር ነው ወይስ የተረፈ ነገር ነው ተጠንቅቀው የሚይዙት? «ትልልቅ ችግር እያለ?» ትልልቁን የሚፈቱት ትልልቆቹ ናቸው፤ ይቺን ለኛ ይተዉልን። «ማፍሰሻ ቅሸባን አያስቀርም» የሚለው ግን እውነት ነው። አያስቀርም። ቁጥጥር የቁጥጥርን ሥራ ይሥራ። ማፍሰሻው የሚያስቀረው ቅሸባ ሳይሆን ብክነትን ነው፤ ልጁ እጅ ላይ የቀረውን ከእናቲቱ ሃይላንድ ላይ ማካካስን ነው።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል። የፈሰሰ ዘይት ግን ከመሬት ባይታፈስም ከኪስ ይታፈሳል፤ በየቀኑ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ማንም ደረሰኝ ሳይቆርጥበት።

የእናቴ እጅ ድኗል። ብርድ ሲሆን ትንሽ ያማታል። ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ጀሪካን ገዝቼ ገባሁና የኛን ማፍሰሻ ልገጥምላት ሞከርኩ። አልገባም፤ የዚህኛው አንገት ደግሞ ሌላ ነው። እናቴ ዓይታኝ ዓይታኝ ሳቀችና፣ «ተወው የኔ ልጅ። ይልቅ ሚስማሩን ከሰል ላይ ጣልልኝ» አለችኝ። ጣልኩላት። ምን ላድርግ?